ቀጭቀጭ እና አልነሳም ያለው ሣጥን

ቀጭቀጭ ብለው ስም ያወጡላት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ታክሲ ስትጠብቅም፣ ቤት ቁጭ ብለን ወሬ ስንሰልቅም ጣቶቿ አያርፉም ነበር። ጉልበቷ ላይ፣ የወንበሩ መደገፊያ ላይ፣ አንዳንዴም የእኔው ክንድ ላይ ሰው የሚናገረውን ሁሉ ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ይጽፋሉ።

«አሁን ምን ጻፍሽ?» እላታለሁ።

«ያልሽውን ነዋ።»

«ሁሉንም?»

«ውሸቱን ትቼ። ግማሽ ገጽም አልሞላ።»

ታይፒስት ነበረች። እኔ ካወቅኳት ጀምሮ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ መስኮት ሥር፣ በአንዲት አረንጓዴ የጽሕፈት መኪና ፊት ኖረች ማለት ይቻላል። አለቆች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ እሷ ግን እዚያው ናት። የጡረታዋን ደብዳቤ እንኳ ራሷ ናት ታይፕ ያደረገችው። አዲሱ አለቃ ዓይኗን ማየት አፍሮ መስኮቱን እያየ ሲናገር፣ እሷ አንድ ፊደል ሳትስት ጽፋ፣ አውጥታ፣ «ይፈርሙበት» ብላ ሰጠችው። ይህን ስትነግረኝ ትስቃለች። ከሳቋ በኋላ ግን «መኪናዋን ዕቃ ቤት ወረወሯት አሉ» ብላ ጣቶቿን ታያለች።

ባል አግብታ ነበር፤ ቶሎ ሞተባት። እግዜርም ልጅ አልሰጣት። የቀሯት ሰው እናትም አባትም ሆነው ያሳደጓት ታላቅ ወንድሟ ብቻ ናቸው። «ጋሽዬ» ነው የምትላቸው፤ ሌላ ስም ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። የወፍጮ ቤት ሰው ናቸው። ሩቅ ነው የሚኖሩት፣ መንገዱ ወገብ የሚሰብር ቦታ። ዕድሜ ልካቸውን የሰው እህል ሲፈጩ ኖረው፣ ወፍጮው የእሳቸውን ጆሮ አብሮ ፈጨው።

በየቅዳሜው ስልክ ትደውልላቸው ነበር። ቤታችንን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ አልሰማሁም ብል እዋሻለሁ። ዛሬ ከግድግዳው ወዲያ ሙዚቃ የሚወድ ተከራይ ገብቷል፤ ያኔ ግን ከዚያ የሚመጣው የእሷ ሳቅ ነበር። በመጀመሪያው ሰሞን ከወንድሟ ጋር ወሬያቸው ረጅም ነው። ኋላ ላይ ጩኸት ሆነ።

«ጋሽዬ! ደህና ነህ ወይ?»

«ዝናቡማ ቀርቷል!»

«ጤናህን ነው የምልህ! ጤና!»

«ማን መጣ?»

በዚህ ስንስቅ ከርመን፣ አንድ ቅዳሜ «በቃ እህቴ፣ እኔም አልሰማሽ፣ አንቺም አትድከሚ» ብለው ስልኩን ለወንድ ልጃቸው ሰጡት። ከዚያ ወዲህ የምታገኘው ልጁን ነው። «አባዬ ደህና ነው፣ ሰላም ይልሻል» ይላታል። እሷም «እስቲ ስልኩን አጠገቡ አስቀምጥልኝ» ትለዋለች። አንድ ቀን ሳላንኳኳ ገብቼ እንዲህ ሆና አገኘኋት፤ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ዓይኗን ጨፍናለች። በእጇ ዝም በይ አለችኝ። ብዙ ቆየችና ስትዘጋው፣ «ምን አሉሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ምንም። ሻይ እየጠጣ ነበር።»

ሄዳ እንዳታያቸው ልቧ ደካማ ነው፤ ሐኪሙ ረጅም መንገድ እርም በይ ብሏታል። እሳቸው እንዳይመጡ እግራቸው አይታዘዝም። በሞባይል መልእክት እንዳይጻጻፉ ደግሞ የሁለቱም ዓይን ደክሟል፤ እዚያ ላይ ያለው ፊደል ለእሷ የጉንዳን መንጋ ነው። ደብዳቤ በትልልቁ ጻፊላቸው ብዬ መክሬያት ነበር። ሞከረች። «ደብዳቤ ወሬ አይደለም» አለችኝ በመጨረሻ። «መሀል ላይ ገብቶ ‹እህ? ከዚያስ?› የሚልሽ የለም።»

መላው የመጣው ከወንድሟ ሴት ልጅ ነው። ልጅቷ ሌላ ከተማ ሥራ ይዛለች፤ እንደ መጽሐፍ የምትታጠፍ ኮምፒውተርም አላት። «አክስቴ፣ አንቺም ኮምፒውተር ካለሽ እኔ የኔን ይዤ አባዬ ጋ እሄዳለሁ» አለቻት። «ሁለታችሁም የምትጽፉበት አንድ ገጽ እከፍትላችኋለሁ። አንዳችሁ ስትጽፉ ለሌላችሁ ወዲያው ይታያል። ፊደሉን ዳቦ ዳቦ የሚያህል አደርገዋለሁ።»

ቀጭቀጭ ይህን እንደሰማች ግድግዳውን ደበደበች። ሮጬ ብሄድ ቆማ፣ ጣቶቿ አየር ላይ እየጻፉ፣ «አማችሽ! አማችሽን ጥሪልኝ!» ትላለች።

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ፎቶ ቤት ነው የሚሠራው። ፎቶ ያነሳል፣ ያትማል፣ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ ኮምፒውተር ይገጣጥማል። ሣጥኑን ከአንዱ፣ ሆድ ዕቃውን ከሌላው እያሰባሰበ፣ ምሳውን ቆሞ እየበላ በፎቶ ቤቱ ጓዳ ሠራላት። ቅዳሜ ዕለት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በታክሲ አመጣው። ሣጥኑን ጠረጴዛው ሥር ወለሉ ላይ አደረገ፣ ስክሪኑን ከላይ አስቀመጠ፣ ሽቦውን ከሽቦ አገናኘ። ማብሪያውን ሲጫነው ሽው ብሎ ተነሳ። ቁልፎቹ ላይ የእኛን ፊደል በትንንሽ ወረቀት ቆርጦ ለጥፎላታል። ቀጭቀጭ መነጽሯን አወለቀችና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ትልልቅ ፊደል ያለ መነጽር አነበበች።

«ጋሽዬም እንዲህ ይታየዋል?»

«ከፈለጉ ከዚህም ይተልቃል፣ እትዬ።»

መርቃ መርቃ ሸኘችው። እሱ እንደወጣ ግን ዓይኗ ወለሉ ላይ ቀረ።

«ይሄ እንዴት መሬት ይቀመጣል? ወለል ሲወለወልስ? እግር ሲመታውስ?»

በመሥሪያ ቤቷ የመጨረሻ ዘመን ለዋናው ኃላፊ ኮምፒውተር መጥቶ ነበር። የዚያ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ጋደም ብሎ፣ ስክሪኑ ጀርባው ላይ ተቀምጦ እንደነበር ታስታውሳለች። «ሥርዓቱ እንደዚያ ነው» አለችኝ። ማን ይከራከራታል፣ ቢሮ የሠራችው እሷ። ሽቦውን ነቃቅለን፣ ተጋግዘን አነሳነው። ሆዱ ውስጥ የሆነ ነገር ቅጭል ያለ መሰለኝ።

«ሰማሽ?»

«አዲስ ዕቃ ነዋ፣ ቤት እየለመደ ነው» ብላ ዘጋችኝ።

ጠረጴዛው ላይ አጋደምነው፣ ዳንቴል አለበስነው፣ ስክሪኑን ጀርባው ላይ ጫንን። ሽቦዎቹን በመልክ በመልካቸው እያስተያየች መለሰቻቸው። እውነቴን ነው፣ ሙሽራ መሰለ።

እሁድ ከምሳ በኋላ ብመጣ የቢሮ ልብሷን ለብሳ፣ ጸጉሯን ተተኩሳ ተቀምጣለች። ወንድሟ እንደማያዩዋት ታውቃለች። ቢሆንም። ወዲያው የወንድሟ ልጅ ደወለች።

«አክስቴ፣ አባዬ ስክሪኑ ፊት ተቀምጧል። ፂሙን ተላጭቶልሻል! እኔ አመሻሽ ላይ አውቶቡስ አለኝ፤ ኮምፒውተሯም የመሥሪያ ቤት ስለሆነች ይዣት ነው የምሄደው። ከዚህ ወዲያ ፈቃድ መቼ እንደማገኝ እንጃ። ቶሎ ጀምሪ እሺ?»

ቀጭቀጭ ማብሪያውን ተጫነች። ውስጡ ያለችው ማራገቢያ ንቅንቅ አለችና ቀጥ። ደግማ ተጫነች። ንቅንቅ፣ ቀጥ።

ለአማቼ ደወልኩ። እሁድ የፎቶ ቤት ገበያ ስለሆነ ከጀርባው የሕፃናት ልቅሶና የሰው ሁካታ ይሰማል። ስልኩን እኔ ያዝኩ፣ እሷ ሣጥኑ ጋ ቆመች፤ እሱ ይናገራል፣ እኔ አደርሳለሁ።

«የሶኬት ማከፋፈያው በርቷል፣ እማዬ?»

«ቀዩ መብራት በርቷል።»

«እዚያው ሶኬት ላይ ሌላ ነገር ሰክታችሁ ሞክሩ።»

የጠረጴዛ መብራቷን ሰካን፤ ቦግ አለ።

«ስክሪኑስ?»

«ስክሪኑማ አንዲት ቢጫ ዓይን ከፍቶ ያየናል። ፊቱ ግን ጨለማ ነው።»

«እሺ፣ ሽቦውን ንቀሉትና ትንሽ ቆይታችሁ መልሱት።»

ነቀልን፣ ቆየን፣ መለስን። ንቅንቅ፣ ቀጥ።

አማቼ አሰበና፣ «ሲፒዩው ቆሟል?» አለኝ። ሲፒዩ የሚለው ያንኑ ሣጥን ነው።

ወደ ቀጭቀጭ ዞርኩ። «ቆሟል ወይ ይላል።»

«ምን ይጠይቀኛል! ድርቅ ብሎ ቆሟል በዪው!»

«ቆሟል» አልኩት።

«ቀጥ ብሎ ነው አይደል የቆመው?»

«ቀጥ ነው ያለው ልጄ፣ ትንፋሽም የለው።»

«ጥሩ» አለ።

ምን ጥሩ ነገር እንዳየበት ገረመኝ። ግን ባለሙያው እሱ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

«እንግዲያው ታክሲው ሲያንገጫግጨው ራም የምትባለው ትንሿ ሰሌዳ ከማዘርቦርዱ ላልታ ይሆናል።»

«ከማን ማዘር?»

«ማዘርቦርድ፣ እማዬ! ሁሉ ነገር የሚሰካበት ትልቁ ሰሌዳ ነው።»

«ምን ይላል? ማዘሬን ምን አመጣት?» ትላለች ቀጭቀጭ ከወዲያ። መሳቅ ያቃተኝ እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የግድግዳውን ሰዓት እያየች ነበር የምትናገረው።

ከሶኬቱ ነቀልነው። ስክሪኑን አውርደን፣ ዳንቴሉን ገፈን፣ በጣት የሚፈቱትን ብሎኖች ፈትተን ክዳኑን አነሳን። ውስጡ የሽቦ ጫካ ነው። አማቼ በስልክ እየመራ፣ ረዘም ያለች፣ ጫፍና ጫፏ ላይ መቆንጠጫ ያላት ሰሌዳ እንድንፈልግ አደረገን። አገኘናት።

«በሁለት አውራ ጣት ይጫኗት፤ ቀጭ እስክትል።»

«ቀጭ እስክትል?» አለች ቀጭቀጭ። «እሱንማ ለእኔ ተዉት።»

ተጫነቻት። ቀጭ! ያቺን ድምፅ እኔም ሰማኋት። ደስ ብሎን ክዳኑን መለስን፣ ሰካን፣ ተጫነች።

ንቅንቅ፣ ቀጥ።

«አሁንም ቆመ!» አልኩት አማቼን።

«እኮ እንደቆመ ይሁን፣ ምንም አትንኩት! እንደቆመ ነው የሚሞከረው!»

«ልጄ፣ ቆሞ እኮ ነው የቸገረን!»

«አይቸግርም እማዬ፣ የአየር ማስገቢያው በጎኑ ስለሆነ መቆሙ ጥሩ ነው…» ሲል የሆነ ሰው ጠራው መሰለኝ፣ መስመሩ ተቋረጠ። እኔና ቀጭቀጭ ተያየን። ሰው ከሥራ ብዛት ያብዳል ሲባል እሰማ ነበር።

የወንድሟ ልጅ እንደገና ደወለች። «አክስቴ፣ ምን ነካሽ? አባዬ ‹ጠፋች እንዴ?› እያለ ነው። ተነስ እረፍ ብለው እምቢ አለኝ። ከተነሳሁ ታመልጠኛለች ብሎ ውሃም እዚያው አስመጥቶ ጠጣ።»

ቀጭቀጭ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው። ጣቶቿ ዝም አሉ። ይህን ያህል ዘመን ስንኖር፣ ባሏን ስንቀብር እንኳ፣ እነዚያ ጣቶች እንዲህ ዝም ሲሉ አላየሁም።

«ሳምንቱን ሙሉ ምን እለዋለሁ እያልኩ ስሰናዳ ነበር» አለችኝ። «ጎን ለጎን ተኝተን ጣራው ላይ የዝናቡን ጠብታ ስንቆጥር እሱ ቀድሞ እንቅልፍ ይወስደው እንደነበር ያስታውሰዋል ወይ ልለው ነበር። ምን ዋጋ አለው። እዚያ ተላጭቶ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል።»

ለአማቼ ደወልኩ። አንስቶ «አሁንስ ቆሟል?» ሳይለኝ በፊት ቀደምኩት።

«ልጄ፣ ና።»

«እማዬ፣ ሰው ተሰልፎ…»

«ይሰለፋ። ሽማግሌው ወንበር ላይ ናቸው።»

ልጄ ጥሩ ሰው ነው ያገባችው። ካሜራው አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጦ መጣ። በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን እንዳስገባ ደርቆ ቀረ።

«እንዴ! እትዬ! አስተኝተውታል እኮ!»

«ማንን?»

«ሲፒዩውን! ቆሟል አላላችሁኝም?»

«ቆሟላ! አልሠራም ብሎ ቆሟል!»

«እኔ እኮ ቆሟል ወይ ያልኩት፣ እንዲህ…» ብሎ እጁን እንደ ምሰሶ ቀጥ አድርጎ አሳየን። «ቀጥ ብሎ አላችሁኝ!»

«ቀጥ ብሏል! ትንፋሽ የለውም አላልንህም?»

ከዚያ ቀጭቀጭ «ወይኔ ጋሽዬ» አለችና ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ነገር አመለጣት።

አማቼ ሣጥኑን ከጠረጴዛው ሲያነሳው ሆዱ ውስጥ ቅጭል አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። ሽቦውን ሁሉ ነቅሎ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ እንደ ሕፃን አቅፎ ወዲያና ወዲህ አጋደለው። አንዲት የጥፍር ያህል ብሎን መዳፉ ላይ ዱብ አለች።

«ስገጣጥም ጥያት ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሲቆም ወደ ታች ትወርዳለች፣ ምንም አትነካ። ሲጋደም ግን ከማዘርቦርዱ ሥር ገብታ መብራቱን ያለ ቦታው ታገናኘዋለች። ያኔ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል።»

«በቃ ተወው፣ ኋላ ትጸጸታለህ» አለችው ቀጭቀጭ። «አሁን አቁምልኝ። በአንተ ቋንቋ አቁምልኝ!»

ወለሉ ላይ አቆመው። ተጫነ። ሽው አለ፤ አልቆመም፣ ማለቴ ቀጠለ። የእሷ ስልክ ከወንድሟ ልጅ ጋር ስለተያዘ ኢንተርኔቱን ከራሱ ስልክ ሰጣት። የወንድሟ ልጅ በስልክ «መጣሽ! መጣሽ! እኔ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ነው!» እያለች ትጮኻለች።

ገጹ ተከፈተ። ነጭ ነው፣ ባዶ። ከዚያ አንድ ትልቅ ፊደል ብቅ አለ። ቆይቶ ሌላ ፊደል። በአንድ ጣት እየፈለጉ እንደሚጽፉ ያስታውቃል።

እ ህ ቴ

ቀጭቀጭ ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች። ከዚያማ ማን ይይዛት። እግርህስ፣ እንቅልፍህስ፣ ትበላለህ ወይ፣ ልጆቹስ፣ ያ በስተግራ ያለው ጉልበትህስ፣ ዝናቡ ትዝ ይልሃል ወይ… ስክሪኑ በፊደል ጎረፈ።

«ቀስ በይ አክስቴ፣ እያነበበ ነው!» አለች ልጅቷ በስልኩ።

ጠበቅን። መልሱ መጣ።

«እግሬ ተወኝ። ጥርሴም ተወኝ። ዝናቡን ስንቆጥር ግን አንቺ ነበርሽ ቀድመሽ የምትተኚው።»

«ውሸታም!» ብላ ጻፈች። ከወዲያ በስልኩ የሽማግሌ ሳቅ ሰማን። እንዲህ እየተባባሉ ትንሽ ሄዱ። ለሻይ እንኳ አልተነሳሁም። ከዚያ እንደገና ፊደሎቹ አንድ በአንድ ይወጡ ጀመር።

«ድምፅሽ ጠፋኝ። ስጋደም ላስታውሰው እሞክራለሁ። አይመጣም። እንዴት ያለ ነበር?»

ቀጭቀጭ እጇን አነሳች። መለሰችው። ወደ እኔ ዞረች።

«ድምፄ እንዴት ያለ ነው?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

«ማንን ልጠይቅ? እኔ ራሴን ሰምቼ አውቃለሁ? ከግድግዳው ወዲያ ሆነሽ ስትሰሚኝ የኖርሽ አንቺ። በይ ንገሪኝ፣ ልጻፍለት።»

እኔ ንግግር የማውቅ ሴት አይደለሁም። ግን ጣቶቿ እየጠበቁኝ ነው፤ የመጣልኝን ተናገርኩ። «ወፈር ያለ ነው፣ ለሴት ወፈር ይላል። ጠዋት ጠዋት ይሻክራል፣ ገና ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው። ስትቆጣ አይጮኽም፤ እንዲያውም ዝቅ ነው የሚለው፣ ያኔ ነው የሚያስፈራው። ሰው ስትጠራ መጨረሻውን ትጎትተዋለች፣ የምትጠራው ሰው ወንዝ ማዶ ያለ ይመስል። ስትስቅ መሀል ላይ ይሰነጠቅና ትንፋሽ ያጥራታል፤ ከዚያ እንደገና ከታች ይጀምራል።»

እኔ ስናገር እሷ ጻፈች። አንድ ቃል አልጨመረች፣ አንድ አልቀነሰች። አማቼ ከኋላችን ካሜራውን አቅፎ ቆሟል።

በዚያኛው በኩል ያነባሉ። ቆዩ። ልጅቷ እንኳ ስለ አውቶቡሷ አላነሳችም። ከዚያ ቀስ፣ ቀስ እያለ መጣ፦

«ይሄማ የእማዬ ድምፅ ነው።»

እናታቸው ስትሞት ቀጭቀጭ ገና መዳህ አልጀመረችም ነበር። ፎቶግራፍ እንኳ አልቀረላትም። ስክሪኑን አየች፣ ፊቷን ወደ ፊደሎቹ አስጠግታ እንደገና አየች። እኔን እውነት ነው ወይ እንደማለት ዞር ብላ አየችኝ፤ እኔ ግን ሴትየዋን አላውቃት።

«አክስቴ፣ የአውቶቡሱ ሰዎች እስኪጠሩኝ ድረስ ጻፉ፣ ግድ የለም» አለች ልጅቷ።

ቀጭቀጭ መጻፍ ጀመረች። በዚህ ጊዜ ግን ከንፈሯም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ቀጥሎ ድምፅ ወጣው። የምትጽፈውን እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብላ ትናገረዋለች፣ መጨረሻውን እየጎተተች፣ «ጋሽዬ፣ እዚህ ነኝ። ጋሽዬ፣ እየሰማሁህ ነው» እያለች።

አማቼ ጎንበስ አለና፣ «እትዬ» አላት፣ «እሳቸው እኮ አይሰሙም፤ መጻፉ ይበቃል።»

«አውቃለሁ» አለች ጣቶቿን ሳታሳርፍ። «እኔ ልስማት ብዬ ነው።»